«በስመ አብ» ሲባል የሚጮኸው በቀቀን

ላሊበላ ውስጥ ጥቂት ቀን የሰነበተ ሰው፣ ሰይጣን ያደረበት ወፍ ታቅፋ ከአሠሪዋ ግቢ ስለወጣችው ሴትዮ ሳይሰማ አይቀርም። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ወፉም ይህን ስጽፍ ከጎኔ ቁጭ ብሎ የወይራ ዝንጣፊ ይልጣል። ሰው ታሪኩን በየፊናው ሲያወራው እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ጥፋቴን እንዳመንኩ ተቆጠረ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከራሴ አፍ ይሰማ ብዬ ጻፍኩት። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ይቅርታ የምጠይቅበት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ብርነሽ እባላለሁ። የተወለድኩት ከዚህ በጣም ርቆ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ አጠገብ ነው፤ ዝናቡ የማያባራ፣ ደኑ ሰው የሚውጥ አገር። ላሊበላ የመጣሁት የስለት ሰው ሆኜ ነው። የለመንኩት ከተሰጠኝ አንድ ዓመት እዚህ ላገለግል ቃል ገብቼ ነበር፤ ዓመቱ ሲሞላ እግሬ መመለሱን እንቢ አለኝ። ይህ በሆነ ጊዜ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በእትየ ስንዱ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ አነጥፋለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ ወጥ ቤት ሰው ሲጎድል እሞላለሁ። ሰዉ ስሜን ትቶ «የጎሬዋ» ነበር የሚለኝ። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ጾሜ፣ አብሬያቸው አስቀድሼ፣ አሁንም «የጎሬዋ»።

ጠንቃቃ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እነካዋለሁ። በጾም ወጥ የተማሰለበትን ማንኪያ ሳይቀር «በምን ታጥቧል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ በዚህም ብዙ ተስቆብኛል። ሳላማትብ የጀመርኩት ሥራ ደግሞ አልነበረም። መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ እንኳ ድምፄን አውጥቼ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ሳልል አልሞክረውም። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ።

ወፉ ሻምበል ይባላል። በቀቀን ነው፤ ገላው አረንጓዴ፣ አናቱ ቢጫ፣ ቁመቱ ከርግብ የማይበልጥ። የእትየ ስንዱ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ወደ እኛ አገር ቡና ሊጭኑ ወርደው ሲመለሱ፣ ገና ላባው ያልሞላ ጫጩት ሆኖ በካርቶን ይዘውት መጡ አሉ። ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ ሻምበል አሉት። ሰውዬው ከመንገድ ሲገቡ ከደጅ ሆነው «ስንዱዬ፣ በር!» ብለው ይጣሩ ነበር። ሻምበል ይህን ቃል ያዘ። ከዚያ ሰውዬው ሞቱ፣ ተቀበሩ፣ ተዝካራቸውም ወጣ። ወፉ ግን በእንግዳ መቀበያው ጥግ ሆኖ በእሳቸው ድምፅ «ስንዱዬ፣ በር!» ማለቱን አልተወም። አንድ ቀን እትየ ስንዱ ምሳ እየበሉ ሳለ ሳያስቡት ብድግ ብለው ሊከፍቱ ሄዱ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። በማግስቱ የሻምበል የሽቦ ቤት ወደ ጓሮ ተወሰደ።

ጓሮው ማለት ከወጥ ቤቱ በስተጀርባ፣ አያ ሲሳይ ዶሮ የሚያርድበት ቦታ ነው። አያ ሲሳይ የኩልመስክ ሰው ነው። ግቢውን ይጠብቃል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ያርዳል፤ ከአፉም ቀልድ አይጠፋም። እንግዶቻችን አብዛኞቹ ፈረንጆች ስለነበሩ በጾም ወራትም ዶሮው አይቀርም።

ሻምበል እዚያ ጓሮ ሁለት ዓመት ቆየ። የሚበላው የተረፈ ፍርፍር፣ ሻይ ውስጥ የተነከረ ዳቦ፣ የቀዘቀዘ ሽሮ ነው። የሚቆምበት የተቆረጠ የውኃ ቱቦ ነው፤ ለስላሳ ብረት። ቀስ በቀስ መንቁሩ ረዘመ። የላይኛው ወደ ታች ተቆልምሞ የአንገቱን ላባ መንካት ጀመረ። ቃል መናገሩን ተወ። መብላቱንም እየተወ ነበር፤ ዳቦውን ያነሳና ከመንቁሩ ስር ይወድቅበታል፤ ደግሞ ያነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል።

አሁን ይቅርታ ወደምጠይቅበት ደረስኩ። አንድ ጠዋት የታጠበ አንሶላ ተሸክሜ በሽቦ ቤቱ አጠገብ ሳልፍ እንደ ልማዴ አማተብኩ። «በስመ አብ» ከማለቴ ወፉ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ጩኸት ጮኸ። ክንፉን አርገፍግፎ ሽቦው ላይ ተላተመ። ደነገጥኩ። በማግስቱ ልሞክረው ብዬ ደገምኩት፤ ጮኸ። በሦስተኛውም ጮኸ። እኔስ ምን አደረግሁ? እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አጠገቤ ለነበረችው ሴት «የእኛ ወፍ ስመ ሥላሴ ሲጠራ ይጮኻል» አልኳት። ይህችን ብቻ ነው ያልኩት። እስከ ማክሰኞ ድረስ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ወሬውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። ለዚህ ይቅር በሉኝ፤ ከዚህ በኋላ ላለው ግን አልጠይቅም።

የገና በዓል ሊደርስ ነበር። መንገዱ በእግረኛ ተሳላሚ፣ ሆቴሉ በእንግዳ የሚሞላበት ሳምንት። ማክሰኞ ዕለት እትየ ስንዱ መምሬ ተስፉን አስጠሩ። መምሬ ተስፉ የእሳቸውም የእኔም የንስሐ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከአፋቸው ክፉ የማይወጣ ሰው። ጠበል ይዘው ጓሮ ገቡ። እኛም ከኋላቸው ቆምን። መስቀላቸውን አወጡና «በስመ አብ ወወልድ…» ሲሉ ሻምበል ያንን ጩኸት ለቀቀው።

«ማረን!» አሉ እትየ ስንዱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ሰሙት አይደል አባቴ? መንቁሩንስ አይተውታል? ቀንድ አውጥቷል እኮ!»

መምሬ ተስፉ ረጅም ጊዜ አዩት። «ይህ ፍጥረት ጤነኛ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ለእትየ ስንዱ ግን በቂ ነበር።

«ሐሙስ የገና እንግዳ ይገባል። ሐሙስ ጠዋት፣ ሲሳይ፣ ወስደህ ገደል ጣልልኝ።»

«እሺ እትየ» አለ አያ ሲሳይ። ወደ እኔ ዞሮም «ሻምበልነቱ ዛሬ ተገፈፈ» አለኝ። ሳቅሁ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ረቡዕ ጠዋት ጓሮ ውስጥ አንሶላ እያጠብኩ ነበር። አያ ሲሳይ ለእንግዶች ምሳ ዶሮ ይዞ መጣ። እግሯን ረግጦ፣ ክንፏን ይዞ፣ ቢላዋውን አነሳ፣ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን አራጅም «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ» አለ። ጩኸት ሰማሁ። የዶሮዋ መሰለኝ። ቀና ስል ግን ዶሮዋ ገና አልተነካችም፤ ዝም ብላለች። የጮኸው ሻምበል ነው። ከዚያ ቢላዋው አረፈ፣ ዶሮዋም ጮኸች። አንድ ዓይነት ጩኸት። መቅጠኑም፣ መሰበሩም፣ መጨረሻ ላይ እንደ መታነቅ ማለቱም። ወፉ የዶሮዋን ጩኸት ከዶሮዋ ቀድሞ ጮኸላት።

አንሶላው ከእጄ ወደቀ።

«አያ ሲሳይ፣ ቢላዋውን ከኋላህ ደብቅና እንደገና ጥራ።»

«ምኑን?»

«በስመ አብን።»

«የታረደች ዶሮ ሁለት ጊዜ አትባረክም፣ የጎሬዋ። ጾሙ አናትሽ ላይ ወጣ?»

«ጥራ ብዬሃለሁ!»

ጠራ። ሻምበል ጮኸ፣ ተላተመ።

«አሁን ምንም ሳትናገር ቢላዋውን ብቻ አሳየው።»

አሳየው። ሻምበል ዝም ብሎ አንገቱን አዘነበለ።

«አሁን ደግሞ አባታችን ሆይን ድገምለት።»

«ለወፍ?»

«ለወፍ።»

አያ ሲሳይ እጁ በደም እንደተነከረ አባታችን ሆይን ከላይ እስከ ታች ደገመ። ሻምበል እየሰማ ላባውን ነፋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደስ እንዳለው ወፍ። አያ ሲሳይ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እና እኔ ነኝ እንዴ ያስተማርኩት?»

«አንተ ነህ። ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ዶሮ አራጅ ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካ መምህርም ኖሬያለሁ» አለ። ይህን ሲል ግን አልሳቀም።

እኔም መሳቅ አልቻልኩም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔ አማትቤ ሥራ የምጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውስጥ ነው፤ ያ ወፍ ጓሮው ውስጥ ቅዱሱን ስም ሲሰማ የኖረው ቢላዋ ተነስቶ እያለ ነው። ከስሙ በኋላ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሁልጊዜ የሚመጣው አንድ ነገር ነበር። ዶሮዋ ስትጮህ የነበረውን እሱ ያዘ፤ ድምፅ መያዝ ተፈጥሮው ነው። እኛ ይህን ሰማንና ሰይጣን አልነው። ቀድማ ያለችው ደግሞ እኔ ነኝ።

ወዲያው እትየ ስንዱ ዘንድ ሮጥኩ። ክፍል እያስተካከሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እሱ የሰይጣን ሽንገላ ነው» አሉኝ። «ሰይጣን አባታችን ሆይን ችሎ ቢሰማስ? ያታልልሽ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ወፉም ቢሆን በምግብ እጦት የቀረው እስትንፋስ ብቻ ነው። ብርነሽ፣ ተዪኝ፤ ሥራ አለብን።»

ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳ የምትጭነው በቅሏችን ስላነከሰች ደሳለኝ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም መጣ። የበቅሏን ሰኮና አስተካክሎ ሲጨርስ እጁን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

«እታለም፣ እኔ የማውቀው በሬና በቅሎ ነው» አለኝ። «ትምህርት ቤት ዶሮ ተምረናል። በቀቀን ግን በሥዕል ነው ያየሁት።»

«ዶሮም ወፍ ነው። እየው ብቻ።»

በፎጣ ጠቅልሎ ያዘው፤ መንቁሩን በስልኩ ባትሪ አበራበት።

«ይሄ ቀንድ አይደለም። ሰኮና በይው። በቅሎ ድንጋይ ላይ ካልሄደች ሰኮናዋ ይረዝማል አይደል? የዚህም መንቁር እድሜ ልኩን ያድጋል፤ ጠንካራ ፍሬ እየሰበረ፣ እንጨት እየላጠ ራሱ ነው የሚሞርደው። ምንድን ነው የምትመግቡት?»

«ፍርፍር። የራሰ ዳቦ።»

«የሚቆምበትስ?»

ቱቦውን አሳየሁት። ደሳለኝ ቱቦውን አየ፣ እኔን አየ፣ «እና በምን ይሞርደው?» አለ።

ይህ ጥያቄ ለሌላ ሰው ቢሆን እሺ፤ እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። ከቤታችን በላይ ባለው ዝግባ ላይ በቀቀኖች በመንጋ እየመጡ ፍሬውን ሲሰብሩ፣ ልጣጩን ሲያወርዱብን አድጌያለሁ። አንዱም መንቁሩ ረዝሞ አላየሁም። እዚያ ማን ሞረድ ይዞላቸዋል? ሁለት ዓመት በዚህ ወፍ አጠገብ አልፌ አንድ ቀን እንኳ አንድ ቁራጭ እንጨት አላስገባሁለትም።

ደሳለኝ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «በመቀስ እንዳትነኪው፤ ይሰነጠቃል። ውስጡ ሕይወት አለበት፤ የደም ሥር እስከ መሃሉ ይወርዳል። ባትሪ ከኋላው ስታበሪ ቀላ ብሎ የሚታየው እሱ ነው። የሚነካው ከዚያ በታች ያለው የሞተ ጫፍ ብቻ፣ በሴቶች የጥፍር ሞረድ፣ ትንሽ ትንሽ። ደረቱን አትጨምቂ፤ ወፍ የሚተነፍሰው ደረቱን እያነሳና እየጣለ ነው፤ ከያዝሽበት እጅሽ ላይ ይሞታል። አፉን ከፍቶ ካለከለከ ተዪው፣ ይረፍ። ከደማ ዱቄት ጫን አድርጊበት። ጉበት ሲታመምም መንቁር እንዲህ ይሆናል፤ እሱን እኔ እዚህ ላውቅ አልችልም። እንዲያውም አትንኪው። ብልባላ መንደር ከብት ታሞ ተጠርቻለሁ። ቅዳሜ ስመለስ የሚያውቅ ሰው በስልክ ጠይቄ አብረን እንሠራዋለን።»

«ነገ ሐሙስ ገደል ሊጣል ነው፣ ወንድሜ።»

ሻምበልን በመዳፉ መዘነው። «አጥንት ብቻ ነው የቀረው» አለ። «ገደሉ ቢቀርለትም ሳይበላ ቅዳሜ አይደርስም።» ከዚያ ከቦርሳው አንድ ንጹሕ ፎጣ አውጥቶ ትቶልኝ ሄደ።

ሐሙስ ማለዳ መምሬ ተስፉ ቤት ሄጄ ደጃቸው ላይ ቆምኩ። መስቀል ተሳለምኩና «አባቴ፣ ወፉ ከመጣሉ በፊት ይምጡልኝ» አልኳቸው። ለምን ሳይሉ ተነሱ። ግቢ ስንደርስ አያ ሲሳይ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ቆሟል። እትየ ስንዱም በረንዳው ላይ ናቸው።

ከሽቦ ቤቱ ፊት ቆምኩ። በጆንያውና በወፉ መሃል ሆንኩ።

«እትየ፣ መጀመሪያ ይዩ። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ። አባቴ፣ ስሙን ጮክ ብለው ሳይጠሩ በመስቀሉ ብቻ ይዳስሱት።»

መምሬ ተስፉ ቅር እያላቸው መስቀሉን በሽቦው መሃል አስገቡ። ሻምበል አልጮኸም። ቀርቦ መስቀሉ ላይ የታሰረውን ጨርቅ በዚያ በተቆለመመ መንቁሩ ሊይዝ ሞከረ፤ አቃተው። ሽማግሌው እጃቸውን አልመለሱም። ዳዊት ደገሙለት። ሰማቸው። ከዚያ አያ ሲሳይን «ጥራ» አልኩት፤ በባዶ እጁ ሆኖ «በስመ አብ» አለ። ያ የዶሮ ጩኸት ግቢውን ሞላው።

«ሰሙ?» አልኩ። «የታረደች ዶሮ ድምፅ አይደለም? እስቲ ይፍረዱ!»

መምሬ ተስፉ ጆሯቸውን አዘንብለው ቆዩ። «የዶሮ ነው» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ለካ የዶሮ ነው።»

«እኛ ነን ያስለመድነው። አሁን ይህን መንቁር ሞርጄ ላበላው ነው። ከበላ ይኖራል። ካልበላ ራሴ እቀብረዋለሁ። ገደል የሚባል ነገር ግን የለም።»

«ማነሽ አንቺ በእኔ ግቢ?» አሉ እትየ ስንዱ።

«ዘጠኝ ዓመት አንሶላዎን ያጠብኩ ሰው ነኝ።»

እንዲህ ተናግሬ አላውቅም ነበር። የጥፍር ሞረዴንና የደሳለኝን ፎጣ አወጣሁ። እጄ ከልማድ ወደ ግንባሬ ሄደ። መሃል መንገድ ላይ ያዝኩት። ላማትብ ነው፤ ድምፄን አውጥቼ ልል ነው፤ ካልኩ ደግሞ ወፉ ፎጣውን ሊቀድ፣ ሊላተም፣ መንቁሩን ሊሰብር ነው። እጄን አወረድኩ።

መምሬ ተስፉ አዩኝ። «ልጄ፣ ሳታማትቢ ልትጀምሪ ነው?»

«በልቤ እላለሁ አባቴ። እሱ ይሰማል፤ ወፉ አይሰማም።»

«እኔ ፈቀድኩልሽ አልልም።»

«ፈቃድ አልጠየቅሁም አባቴ። አጠገቤ እንዲቆሙ ነው የጠየቅሁ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉና «ምን ልያዝልሽ?» አሉ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሰጠኋቸው።

«መምሬ ባትሪ ይዘው ቆሙ ብል ማን ያምነኛል?» አለ አያ ሲሳይ።

«ዝም በልና ዱቄት አምጣ!» አልነው ሁለታችንም።

ወፉን የሚይዝ ግን ጠፋ። አያ ሲሳይ ቀረብ ሲል ሻምበል ጥጉ ላይ ተሸጎጠ፤ ያንን እጅ ያውቀዋል። እኔ ብቻዬን ይዤ ልሞርድ አልችልም። ፎጣውን እንደያዝኩ ቆሜ ሳለ እትየ ስንዱ ከበረንዳው ወረዱ። ማንንም ሳያዩ ፎጣውን ከእጄ ተቀበሉ። «እጄን ያውቀዋል» አሉ። «ጫጩት ሆኖ በእጄ ነው የበላው።» በሩን ከፍተው እጃቸውን አስገቡ። ሻምበል አልሸሸም። በፎጣ ጠቅልለው፣ ደረቱን ሳይጫኑ፣ ጭንቅላቱን በሁለት ጣት ከጎንና ከጎን ይዘው እፊቴ ተቀመጡ።

ጀመርኩ። በልቤ ብያለሁ፤ ሦስት ጊዜ። አንድ ጊዜ መሞረድ፣ ማረፍ፣ ማየት። ነጭ ብናኝ ጉልበቴ ላይ ይወርዳል። መምሬ ተስፉ ብርሃኑን ከኋላ ሲይዙት ጫፉ እንደ ቀንድ ያሳልፋል፤ ከላይ ደግሞ ቀይዋ መስመር ትታያለች። «ገና ነው፣ ገና ነው» ይሉኛል፤ ዓይናቸው ከእኔ የተሻለ ሆኖ ሳይሆን ዝም ማለት ስላቃታቸው። ወፉ አፉን ከፍቶ ማለክለክ ሲጀምር አቆምን። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅን። ደግሞ ጀመርኩ። አራት ጊዜ ጀመርን፤ አራት ጊዜ አረፍን። ፀሐዩ ከግድግዳው ወደ እኛ መጣ።

በአምስተኛው ላይ እጄ አንድ ጊዜ በዛ። ጫፉ ላይ የመርፌ ራስ የምታክል ቀይ ነጥብ ብቅ አለች።

«ደማ!» አሉ እትየ ስንዱ።

«እንዳይጨምቁት! ደረቱን ይልቀቁለት! አያ ሲሳይ፣ ዱቄቱን!»

ቆንጥሬ ጫን አደረግሁበት። ነጩ ዱቄት ቀላ። ጨመርኩ። እንደገና ቀላ። ከሻምበል ደረት በፎጣው ውስጥ የሚሰማኝ የልብ ምት የእሱ ይሁን የእኔ አላውቅም ነበር። ጨመርኩ። ነጭ ሆኖ ቀረ። ማንም አልተነፈሰም፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተነፈሰ።

«ይበቃል» አልኩ። ቀጥ ያለ ባይሆንም፣ ከታችኛው ጋር ይገጥማል። የተቀቀለ ዱባ በጣቴ አቀረብኩለት። ቀመሰው። ነከሰው። ሳይወድቅበት ዋጠው። ደግሞ ጠየቀ። አያ ሲሳይ «ሻምበልነቱ ተመለሰ!» ብሎ ጮኸ።

ሻምበል ዱባውን ጨርሶ ከፎጣው ውስጥ ጭንቅላቱን አወጣ። የያዙትን ሴት ቀና ብሎ አየ። በተሰነጠቀ፣ ሁለት ዓመት ባልሠራ ድምፅ፣ ግን በማይሳት የሰውዬው ድምፅ፣ «ስንዱዬ፣ በር!» አለ።

እትየ ስንዱ አላለቀሱም። ፊታቸው ብቻ ባዶ ሆነ። ተነሱና ወፉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«ከእንግዲህ ሰይጣን ነው አልልም» አሉ። «ግን ይህን ድምፅ እየሰማሁ መኖር አልችልም። አልቻልኩም። ይሂድልኝ፣ ዛሬውኑ።»

«ብቻውን አይሄድም እትየ። ብርዱም ረኀቡም ይገድለዋል፤ መብረርም ረስቷል።»

«አንቺ ደግሞ? ለገና እንግዳ ጥለሽኝ? ለወፍ ብለሽ?»

«ለወፍ ብዬ።»

ልብሴን በአንድ ሻንጣ አደረግሁ። ሻምበልን በዘንቢል፣ ከላዩ በነጠላ። በሩ ላይ መምሬ ተስፉ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ሰው ይስቅብሻል።»

«ይሳቁ አባቴ። ያለቀሱልኝን ቀን አላስታውስም።»

ፈገግ አሉና መስቀሉን አሳለሙኝ፤ በዝምታ፣ ስሙን ድምፅ ሳያወጡ። ቀጥሎም ዘንቢሉን በመስቀሉ ነኩት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የሆነው ይኸው ነው። አሁን በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ እኖራለሁ፤ ለሌሎች ማረፊያ ቤቶች አንሶላ አጥባለሁ። ደሳለኝ ቅዳሜ እንዳለው ተመልሶ መጣ፤ በስልክ ጠይቆ፣ አይቶ፣ ጉበቱ ደህና ሳይሆን አይቀርም አለ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም አለ። ይህን ስላለኝ አከብረዋለሁ። ሻምበል ከዚያ ወዲህ ሞረድ አልነካውም። ወይራ ይልጣል፣ የጽድ ቅርፊት ይፈረፍራል፣ የሱፍ ፍሬ ይሰብራል፤ የቤቴን በር መቃንም በልቶታል። ወፍ ያላችሁ ሁሉ፣ ፍርፍር ፍቅር አይደለም። እንጨት ስጡት። ረዝሞ ካያችሁት መቀስ አታንሱ፣ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ እኔ ያደረግሁትን ያደረግሁት ገደል ከፊቴ ስለነበረ ነው።

ከዚያ በፊት ሃይማኖቴ ሁሉ በአፌ ላይ ነበር ብል ሐሰት አይሆንም። ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራ ማን እንደሚሰማኝ፣ ከስሙ ኋላ ምን እንደማስከትል ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ እጠይቃለሁ። በዚህ ምክንያት «የጎሬዋ ላልታ፣ ሳታማትብ ሥራ ትጀምራለች» የሚሉኝ አሉ። አልላላሁም። ከዚያ ቀን በላይ አጥብቄ የጸለይኩበት ቀን የለኝም። ወፉን ሰይጣን ያላችሁትም፣ እኔ ራሴ አንዷ ስለሆንኩ አልቀየምም፤ ግን አፋችሁን ለመዝጋት ብዬ ወፉን አልደብቀውም። በየጠዋቱ ከደጄ ፀሐይ ይሞቃል። መጥታችሁ እዩት።

በየጠዋቱም አንድ የሱፍ ፍሬ በእጄ ይዤ፣ ዝግ ብዬ፣ «በስመ አብ» እለዋለሁ። ከስሙ በኋላ ሌላ ነገርም እንደሚመጣ ይወቅ ብዬ ነው። ዛሬም ጮኸ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አንገቷን አውጥታ «ዛሬም?» አለችኝ።

«ዛሬም» አልኳት። «ነገም እለዋለሁ።»

ጩኸቱን ሳይጨርስ ግን ፍሬውን ከጣቴ ተቀበለኝ።